የቦርከናን ጨፌና ስደተኛ ወፎቹን መጠበቅ፦ ከደሴና ከኮምቦልቻ ለሚነሣ ሰው ዝርዝር መመሪያ

ክረምቱ ወጥቶ መስቀል ሲቃረብ ከሩሲያ፣ ከምሥራቅ አውሮፓና ከመካከለኛው እስያ የተነሡ ዳክዬዎች፣ ሽመላዎችና ቀጫጭን እግር ያላቸው የጭቃ ወፎች ወደ አገራችን መግባት ይጀምራሉ። ብዙዎቹ የሚመጡት የስምጥ ሸለቆንና የቀይ ባሕርን መስመር ይዘው ነው። ክንፋቸውን ዘርግተው በሞቃት አየር ላይ የሚንሳፈፉት ትላልቆቹ ወፎች ብቻ፣ ማለትም ሽመላው፣ ንስሩና ፔሊካኑ፣ በዚህ መስመር በየዓመቱ ከ1.5 ሚሊዮን በላይ ሆነው እንደሚያልፉ ይገመታል። ዳክዬውና የጭቃ ወፉ ከዚህ ቁጥር ውጪ ነው። ደቡብ ወሎ ደግሞ የሸለቆው ጠርዝ ላይ ነው ያለው። ከደሴ ተራራ ወርዶ ኮምቦልቻን አልፎ ወደ ከሚሴ ሜዳ የሚተኛው ውኃ ሁሉ ለእነዚህ መንገደኞች ማረፊያና መመገቢያ ነው።

ስለ ውኃ ወፍ ሲወራ ሁሉም ሰው ጣናን፣ ዝዋይንና አብጃታን ይጠራል። የእኛን ጨፌ የሚያነሣ ጥቂት ነው። ይህን መመሪያ የጻፍሁት ለዚህ ነው፤ ለመምህሩ፣ ለተፈጥሮ ክበብ ተማሪው፣ ለቀበሌ ባለሙያው፣ ከውኃው አጠገብ ለሚያርሰው ገበሬ። የምትጠብቁት ነገር ምን እንደሆነ ከወዲሁ ልንገራችሁ፤ ከቁርጭምጭሚት እስከ ጉልበት የሚደርሰውን የውኃውን ጠርዝ ነው። ወፉ የሚበላው እዚያ ነው። የሰው እጅም ቀድሞ የሚደርሰው እዚያው ጠርዝ ላይ ነው።

አንድ፦ አንድ ውኃ ምረጡ፣ መንገዱንም እወቁ

መላውን ወሎ ለመጠበቅ አትነሡ። ቢያንስ በወር ሁለት ጊዜ በእግር ወይም በታክሲ ልትደርሱበት የምትችሉትን አንድ ቦታ ያዙ። የደሴ ሰው ከከተማው በስተ ሰሜን ወደ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ የሚገኘውን የሐይቅን ዳርቻ ሊመርጥ ይችላል። ለኮምቦልቻ ሰው የቦርከና ወንዝ ዳርና ከሐርቡ በታች የሚጀምረው የጨፋ ረግረግ ይቀርበዋል። በሰፈራችሁ ያለ የምንጭ ዳር ጨፌም ቢሆን አይናቅም፤ ትንሽ ውኃ ቶሎ ይጠፋል፣ በጥቂት ሰው ጥረትም ቶሎ ይድናል።

ቀጥሎ የውኃውን መንገድ በወረቀት ላይ ሣሉ። ከየት ይመነጫል? በየትኛው ሰፈር፣ በየትኛው ማሳ፣ በየትኛው ፋብሪካ አጠገብ ያልፋል? ወዴት ይሄዳል? ይህ ጥያቄ በእኛ አካባቢ ልዩ ትርጉም አለው። ቦርከና ከደሴ ዙሪያ ተራሮች ተነሥቶ ኮምቦልቻን አቋርጦ፣ በጨፋ ሜዳ ላይ ተዘርግቶ፣ በኋላ ወደ አዋሽ ይገባል። አዋሽ ደግሞ ባሕር አይደርስም፤ በአፋር ዝቅተኛ ስፍራ አቤ ሐይቅ ላይ ይቀራል። ሐይቅም እንዲሁ ነው። ከአርዲቦ በአንከርካ ወንዝ በኩልና ከዙሪያው ኮረብታ ውኃ ይቀበላል እንጂ ከእርሱ የሚወጣ ወንዝ የለም። ስለዚህ የምንጥለው ነገር ሁሉ እዚሁ አገር ውስጥ ይቀራል። ይህን በስብሰባ ላይ አስረዱ፤ ሰው ወንዙ ሁሉን ጠርጎ የሚወስድለት ይመስለዋል።

ሥራ ከመጀመራችሁ በፊት ወደ ቀበሌው ሂዱ። ባይኖኩላር (የሩቅ ማያ መነጽር) አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ፣ ደብተር ይዞ ወንዝ ዳር ለሰዓታት የሚቆም ሰው ጥያቄ ያስነሣል፤ በዚህ ጊዜ ደግሞ ይበልጥ። ከትምህርት ቤት ወይም ከአካባቢ ጥበቃ ጽሕፈት ቤት ማኅተም ያለው ደብዳቤ አስጽፉና ቅጂውን ኪሳችሁ ውስጥ ያዙ። ድሮን የሚባለውን ነገር ያለ ፈቃድ በጭራሽ አታንሡ። ለእናንተም ለወፉም አይበጅም፤ መንጋውን እንዳለ ያስነሣዋል።

ሁለት፦ ማን እንደሚመጣ ተማሩ

በኢትዮጵያ ከ850 በላይ የወፍ ዝርያዎች አሉ፤ ሁሉን ለማወቅ አትጨነቁ። መጀመሪያ በአመጋገብ ለዩአቸው።

ውኃ ላይ ተንሳፍፈው የሚበሉ ዳክዬዎች አሉ። ከእነዚህ መካከል ሾቬለር የሚባለውን መጀመሪያ ተማሩ። ምንቃሩ ከጫፉ ሰፋ ብሎ ጠፍጣፋ ስለሆነ ከሩቅ ይለያል፤ ጭንቅላቱን ዝቅ አድርጎ ውኃውን እያጠለለ ይዋኛል። ረጅም ሹል ጭራ ያለው ፒንቴይልና ትንሹ ጋርጋኒም ከእርሱ ጋር ይመጣሉ። በአውሮፓና በእስያ የሚፈለፈሉት የጋርጋኒ ዳክዬዎች አብዛኞቹ የቅዝቃዜውን ወራት በአፍሪካና በደቡብ እስያ ያሳልፋሉ። እግራቸውን ውኃ ውስጥ ነክረው ጭቃ የሚወጉት ደግሞ ሌላ ወገን ናቸው፤ ሳንድፓይፐር፣ ሩፍ፣ ስቲልት። እርጥብ ሣር ላይ የሚራመዱት ነጩ ሽመላና ረጃጅም ግራጫ ክሬኖች ሦስተኛው ወገን ናቸው። ከብት በተሰማራበት እርጥብ መስክ ላይ፣ በላሞቹ እግር መካከል እየተሯሯጠች ጭራዋን የምትነቀንቅ ደረቷ ቢጫ ትንሽ ወፍ ካያችሁ እርሷም እንግዳ ናት፤ የከብቱ ሰኮና የሚያስነሣውን ነፍሳት ትለቅማለች።

የአገሬውን ወፍ ከእንግዳው ለዩ፤ ሁለቱም ጥበቃ ይሻሉ፣ ጊዜያቸው ግን ይለያያል። ከኢትዮጵያ ውጪ የማይገኘው ሰማያዊ ክንፍ ያለው ዝዬ የደጋ ጨፌ ነዋሪ ነው። ከአውሮፓና ከእስያ የሚመጡት ግን እዚህ እንቁላል አይጥሉም፤ ከመስከረም እስከ ሚያዝያ ይበላሉ፣ ያርፋሉ፣ ላባቸውን ይቀይራሉ፣ ይመለሳሉ። ከእኛ የሚፈልጉት ምግብና ዕረፍት ብቻ ነው።

ሦስት፦ ቁጠሩ

ቁጥር የሌለው አቤቱታ ቢሮ ውስጥ አይደመጥም። የውኃ ወፎች ዓለም አቀፍ ቆጠራ እ.ኤ.አ. በ1967 ተጀምሮ እስከ ዛሬ በየዓመቱ በጥር ወር ይካሄዳል። በአገራችን ይህን ሥራ ሲያስተባብር የኖረው እ.ኤ.አ. በ1966 የተመሠረተው የኢትዮጵያ የዱር ሕይወትና የተፈጥሮ ታሪክ ማኅበር ነው፤ ማኅበሩ እ.ኤ.አ. በ1996 በኢትዮጵያ 69 ለወፎች ጠቃሚ የሆኑ ስፍራዎችን ለይቶ አሳትሟል። የእናንተ ቆጠራ ከዚህ መዝገብ ጋር እንዲገናኝ ለማኅበሩ ጻፉለት። ረግረጎችን ለመጠበቅ በተደረገው ዓለም አቀፍ የራምሳር ስምምነት መስፈርት መሠረት በመደበኛነት 20,000 የውኃ ወፍ የሚያስተናግድ፣ ወይም ከአንድ ዝርያ ጠቅላላ ቁጥር 1 በመቶውን የሚይዝ ረግረግ ዓለም አቀፍ ጠቀሜታ አለው ይባላል። ሁለተኛው መስፈርት ለትናንሽ ቦታዎች ተስፋ ነው፤ ቁጥሩ ጥቂት የሆነ ዝርያ በአንድ ጨፌ ላይ ቢሰበሰብ ቦታው ትልቅ ስም ሊያገኝ ይችላል።

አቆጣጠሩ እንዲህ ነው። ማለዳ 12 ሰዓት ተኩል ላይ ቦታው ድረሱ፤ ረፋድ ላይ ነፋሱና ሙቀቱ ይነሣሉ፣ ከውኃው ላይ የሚነሣው ወላፈን ምስሉን ያንቀጠቅጠዋል። ፀሐይን ከጀርባችሁ አድርጉ፤ ፊት ለፊት ከሆነች ወፉ ሁሉ ጥቁር ሆኖ ነው የሚታያችሁ። በየጊዜው የምትቆሙበትን ስፍራ አትቀያይሩ፤ አንድ ትልቅ ድንጋይ ወይም ዛፍ ምልክት ይሁናችሁ። ባይኖኩላሩ 8 በ42 የሆነ (ስምንት እጥፍ የሚያጎላ፣ የፊት መስታወቱ 42 ሚሊ ሜትር የሆነ) ይበቃል፤ አንዱን ለአምስት ተማሪ ማካፈል ይቻላል። አንዱ ይመልከት፣ አንዱ ይጻፍ፤ የሚጽፈው የሰማውን ጮክ ብሎ ይድገመው።

ጥቂት ከሆኑ አንድ በአንድ ቁጠሩ። ብዙ ከሆኑ ከመንጋው ጫፍ አሥር ወፍ አንድ በአንድ ቆጥራችሁ ያ አሥር የያዘውን ስፋት በዓይናችሁ ያዙ፤ ከዚያ ያንኑ ስፋት በመንጋው ላይ እየደጋገማችሁ ከዳር እስከ ዳር ሂዱ። መንጋው ሺህ ከገባ በአሥር ፈንታ በሃምሳ ቁጠሩ። ግን ተጠንቀቁ፤ መካከሉ ጥቅጥቅ ያለ፣ ዳሩ የተበተነ ስለሚሆን ከዳር የተወሰደ ልክ ለመካከሉ ያንሳል። ሁለት ሰዎች ሳይነጋገሩ ይቁጠሩና ያወዳድሩ። ልዩነቱ ከሰፋ ሁለቱም ይድገሙ እንጂ አማካዩን ወስዳችሁ አትለፉ።

በቅጹ ላይ ቀኑን፣ የጀመራችሁበትንና የጨረሳችሁበትን ሰዓት፣ የአየሩን ሁኔታ፣ ዝርያውንና ቁጥሩን፣ ያልለያችሁትን ደግሞ «ያልታወቀ ዳክዬ» ብላችሁ አስፍሩ። በግምት ስም መስጠት መዝገቡን ያበላሻል። ምንም ወፍ ያላያችሁበትን ቀንም ጻፉ። ባዶ ቀን ከተመዘገበ ነው ከሦስት ዓመት በኋላ «ወፉ መቼ መቅረት ጀመረ?» ለሚል ሰው መልስ የሚገኘው። ከወፉ ቁጥር ጎን የውኃውን ከፍታ ጻፉ፤ ለዚህም በየአሥር ሴንቲ ሜትሩ ቀለም የተቀባ ጠንካራ እንጨት ውኃው ውስጥ ትከሉ። ይህ እንጨት ወደ ፊት ከባይኖኩላሩ በላይ ይጠቅማችኋል። ስልክ ያለው ደግሞ ውጤቱን ኢበርድ በተባለው የወፍ ማስመዝገቢያ መተግበሪያ ላይ ቢያስገባ መዝገቡ አይጠፋም።

አራት፦ ጠርዙን ጠብቁ

ወደ ዋናው ነገር ደረስን።

የጭቃ ወፎች ትናንሾቹ ከአምስት ሴንቲ ሜትር በማይበልጥ ውኃ ውስጥ ነው የሚበሉት። እግረ ረጃጅሞቹ አሥራ አምስት፣ ሃያ ሴንቲ ሜትር ድረስ ይገባሉ። ውኃው ላይ ተንሳፍፈው ጭራቸውን ወደ ላይ አቁመው ከሥር የሚለቅሙት ዳክዬዎችም የአንገታቸው ርዝመት ይወስናቸዋል፤ ከሠላሳ ሴንቲ ሜትር ገደማ በላይ ሲሆን ሥሩን አይደርሱበትም። ስለዚህ የሐይቅ መካከል፣ ጥልቁ ክፍል፣ ለአብዛኛው ስደተኛ ወፍ ማደሪያ እንጂ ማዕድ አይደለም። ማዕዱ ዳርቻው ላይ ያለች ቀጭን መቀነት ናት። አንድ ሰው ያቺን መቀነት ቢያጥር፣ ቢያርስ ወይም ቢደለድል ሐይቁ ከላይ ሲታይ ያው ሐይቅ ነው፤ ወፉ ግን የሚበላበት አጥቷል።

ጊዜውም እንደ ጥልቀቱ ወሳኝ ነው። ወፎቹ ወደ ሰሜን ከመመለሳቸው በፊት፣ ከየካቲት እስከ ሚያዝያ፣ ስብ ማጠራቀም አለባቸው፤ አንዳንድ የጭቃ ወፎች ለጉዞ ሲዘጋጁ ክብደታቸው እጥፍ ሊደርስ ይቃረባል። በእኛ አገር ደግሞ እነዚህ ወራት ውኃው የሚጎድልበት፣ መስኖ የሚጧጧፍበትና የበልጉ ዝናብ አንዳንዴ የሚዘገይበት ጊዜ ነው። ውኃው ቀስ እያለ ሲሸሽ በየቀኑ አዲስ ጭቃ ይከፈታል፤ ይህ ለወፉ መልካም ነው። በሞተር ተስቦ በጥቂት ቀናት ውስጥ ሲጎድል ግን ጭቃው ይሰነጠቃል፣ ትሉም ይሞታል ወይም ወደ ታች ይቀበራል፤ ወፉም ሳይጠግብ በረሃ ሊያቋርጥ ይነሣል።

ከዚህ በመነሣት የሚሠራው ሥራ ግልጽ ነው። ጨፌውን ወደ ጥልቅ ኩሬ አትቀይሩት። «ውኃ እናጠራቅም» ተብሎ ረግረጉ መካከል በኤክስካቫተር የሚቆፈር ጉድጓድ በዙሪያው ያለውን ውኃ ሁሉ ወደ ራሱ ይስባል፣ ጠርዙንም ያደርቃል። ኩሬ የግድ ካስፈለገ ከረግረጉ ውጪ፣ ከፍ ባለው ቦታ ይቆፈር። ቢያንስ አንዱ ጎኑ በአሥር ሜትር ርቀት ውስጥ አንድ ሜትር ብቻ የሚወርድ ልዝብ ተዳፋት ይኑረው። በውኃውና በማሳው መካከል ቢያንስ ሃያ ሜትር ያልታረሰ ሣር ተዉ፤ ጎርፉ ያመጣውን ደለል፣ ማዳበሪያና ፀረ ተባይ ያስቀራል።

ዛፍን በተመለከተ ሰው እንዳይቀየመኝ እየፈራሁ የምለው አለ። በየክረምቱ ችግኝ ይዘን ስንወጣ ባዶ መስሎ የሚታየን ቦታ ብዙ ጊዜ ጨፌው ነው። ጨፌ ባዶ መሬት አይደለም። ባሕር ዛፍ ሲተከልበት ይደርቃል፤ አገር በቀል ዛፍ እንኳ ቢሆን ሜዳውን ከሸፈነው፣ ጠላቱን ከሩቅ ማየት የሚፈልገው ሽመላና ዳክዬ አያርፍበትም። ችግኙን ከላይ ያለው ተራራ ላይ ትከሉት፤ በጥርና በየካቲት የሚሠራውን የእርከን ሥራም ወደዚያው አዙሩት። ከደሴ ዙሪያ ገደሎች የሚወርደው አፈር ሲቀንስ ነው ጨፌው በደለል ከመሞላት የሚድነው።

የውኃ ዳር ሸምበቆና ፊላ ግን መቆየት አለበት፤ ሁሉንም ቦታ እንዲሸፍን ባይሆንም። ተከፍቶ የሚታይ ውኃ፣ የሚሸሸግበት ሸምበቆና አጭር ሣር ተጠጋግተው ሲገኙ የወፉ ዓይነት ይበዛል።

አምስት፦ ከውኃው ተጠቃሚ ጋር ተቀመጡ

ጨፌን ከሰው ለይቶ አጥሮ መጠበቅ በወሎ አይቻልም፤ ተገቢም አይደለም። በጨፋ ሜዳ ላይ በበጋ የአፋሩም፣ የኦሮሞውም፣ የአርጎባውም ከብት ይሰማራል። ሣሩ የብዙ ሺህ ሰው ሕይወት ነው። ልከኛ ግጦሽ እንዲያውም ሣሩን አሳጥሮ ለወፉ ይጠቅማል። የሚጎዳው ከብቱ ሌት ተቀን አንድ ምንጭ ዳር ሲረግጥ ነው፤ ስለዚህ ማደሪያው በረት ከውኃው እንዲርቅና የማጠጫ በሮቹ የታወቁ እንዲሆኑ መስማማት ይበቃል።

ስብሰባ ራሳችሁ አትጥሩ። ቅሬው ይጥራ። በእኛ አገር ቀብሩንም ደስታውንም የሚያስተባብረው ቅሬ ነው፤ የቅሬ ዳኛ ያልሰማው ደንብ ከወረቀት አያልፍም። በግጦሽና በውኃ የተጣላ ካለ አበጋሮቹ፣ ማለትም የአገር አስታራቂዎቹ፣ ይግቡበት። ሴቶቹም ይኑሩ፤ ውኃውን የሚቀዱትና ቄጤማውን የሚያጭዱት በብዛት እነርሱ ናቸው።

ስለ ቄጤማ ትንሽ ልዘርዝር። ወሎ ላይ ቡና ያለ ቄጤማ ቡና አይመስልም፤ ዓመት በዓል ሲደርስ ደግሞ በየገበያው እስር እስሩ ይደረደራል። ፍላጎቱ ከፍ የሚለው ለዕንቁጣጣሽና ለመስቀል ነው። ችግሩ ያ ጊዜ ብዙዎቹ የአገሬው የውኃ ወፎች ጎጆ የሚሠሩበት ወቅት መሆኑ ነው። ከአጫጆቹ ጋር ስትነጋገሩ «አትጨዱ» አትበሉ። ጨፌውን በሦስት ክፍል እንክፈለው፣ በየዓመቱ አንዱ ክፍል ሳይነካ ይረፍ፣ ሌላው ሲታጨድ ደግሞ ከውኃው በላይ አንድ ስንዝር ይቅር፣ ጎጆ የተገኘበት ቦታ በዙሪያው ይተው በሉ። ከሥሩ የተነቀለ ቄጤማ ለቀጣዩ ዓመት አይደርስም፤ ይህንን ከአጫጇ የበለጠ የሚያውቅ የለም። ደንቡን በራሷ አንደበት ብትናገረው ከእናንተ ይልቅ እርሷ ትደመጣለች።

በስብሰባው ላይ ሁለት ጥያቄዎች መምጣታቸው አይቀርም። አንዱ ሽማግሌ «ልጆቼ፣ ወፉ ለእኛ ምን ይሰጠናል?» ይላሉ። «አባባ፣ በ2012 እና በ2013 ዓ.ም. የበረሃ አንበጣ የወሎን ማሳ ሲበላ አይተዋል፤ ሽመላ አንበጣና ፌንጣ ይለቅማል» በሏቸው። ሽመላ ወረርሽኝን ያቆማል ብላችሁ ግን አትማሉ፤ መንጋው ሰማይ ከሸፈነ በኋላ ወፍ ብቻውን አይመልሰውም። ከዚያ በላይ የሚያሳምነው ውኃው ነው። ጨፌው ክረምቱን ጠጥቶ በበጋ ለጉድጓዱና ለምንጩ ይሰጣል። የሐረማያ ሐይቅ በ1990ዎቹ ደርቆ እንደነበር አስታውሱ፤ በዙሪያው ለጫትና ለአትክልት የሚሳበው ውኃና የተከማቸው ደለል ዋነኞቹ ምክንያቶች ነበሩ። በመጀመሪያ የተጎዱት ከዚያ ውኃ የሚጠጡት ከተሞች ናቸው። ስለዚህ የመስኖ ሞተር ባለቤቶች በተራ እንዲስቡና ቀለም በተቀባው እንጨት ላይ ውኃው ከተስማማችሁበት ምልክት ሲደርስ ሁሉም ሞተር እንዲቆም ይደንገግ።

ሁለተኛው ጥያቄ ወባ ነው፤ ኮምቦልቻና ከእርሷ በታች ያለው ቆላ ወባ ያውቃል፣ ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሱም እውነተኛ መሆን አለበት። በአገራችን ወባን በዋናነት የምታስተላልፈው አኖፌለስ አረቢየንሲስ የተባለችው ትንኝ አብዝታ የምትራባው ፀሐይ በሚመታቸው ትናንሽ ጊዜያዊ ኩሬዎች ነው፤ የጎማ ዱካ፣ የሰኮና ጉድጓድ፣ የጡብ ጭቃ የወጣበት ጉድባ፣ የተዘጋ የመስኖ ቦይ። ዓሣና የውኃ ነፍሳት ያሉበት ጤነኛ ጨፌ እጮቿን የሚበሉ ጠላቶች አሉት። ጨፌን ማድረቅ ብዙ ጊዜ በጉድጓድ የተሞላ መሬት ይተዋል። እንዲህም ሆኖ ዳር ላይ የሚኖር ሰው አጎበር መተው የለበትም፤ የጉድጓዶቹን መደፈንም ከደንቡ ጋር አብራችሁ ሥሩት።

በሐይቅ ዳር ለሚሠሩ ዓሣ አስጋሪዎች አንድ ቃል፦ የተቀደደ መረብ ውኃ ውስጥ አይጣል። ጠልቆ የሚያድነውን ወፍ አንቆ ያስቀረዋል፤ ቆሮሶ ዓሣውንም ማንም ሳይበላው በከንቱ ሲገድል ይከርማል።

ስድስት፦ ከላይ የሚመጣውን ተከታተሉ

በኮምቦልቻ ከኢንዱስትሪው አካባቢ የሚወጣ ፍሳሽ በለዮሌና በወርቃ ወንዞች በኩል ቦርከና ይገባል። በእነዚህ ወንዞች ላይ የተደረጉ ጥናቶች ክሮምን የመሰሉ ከባድ ብረታ ብረቶች አግኝተዋል። ከባድ ብረታ ብረት በጭቃው ውስጥ ይቀመጣል፤ ጭቃውን የሚወጋው ወፍ ከትሉ ጋር ይውጠዋል። የጤና ጉዳዩ የሰውም ነው፤ በዚያው ውኃ ጎመንና ሰላጣ ይለማል።

ከፍ ያለ ድምፅ ከማሰማት በፊት ማስረጃ ሰብስቡ። የፍሳሹን መውጫ ከቋሚ ምልክት ጋር፣ ለምሳሌ ከድልድይ ጋር አድርጋችሁ ፎቶ አንሡ። ቀኑንና ሰዓቱን፣ ቀለሙን፣ ሽታውን፣ አረፋውን፣ የሞተ ዓሣ ካለ ብዛቱን ጻፉ። ከመውጫው በላይና በታች ያለውን ውኃ በተመሳሳይ ሁለት ጥርት ባሉ ጠርሙሶች ቀድታችሁ ጎን ለጎን ፎቶ አንሡ፤ ጓንት አድርጉ። ይህ የላቦራቶሪ ምርመራን አይተካም፤ ምርመራ እንዲደረግ ለመጠየቅ ግን በቂ ነው። ወደ ድርጅቱ ግቢ አትግቡ፣ ከጥበቃ ጋር አትጣሉ።

ከዚያ ሕጉን ያዙ። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 ማንኛውም ሰው የራሱ ጥቅም መነካቱን ማሳየት ሳያስፈልገው በካይ በሆነ ወገን ላይ ለሚመለከተው የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት አቤት እንዲል ይፈቅዳል። መሥሪያ ቤቱ በ30 ቀን ውስጥ ካልወሰነ ወይም አቤት ባዩ በውሳኔው ካልረካ በ60 ቀን ውስጥ ፍርድ ቤት መሄድ ይችላል። ለዚህ ነው ደብዳቤውን በሁለት ቅጂ አዘጋጅታችሁ አንዱ ላይ የገቢ ቁጥር፣ ቀንና ማኅተም ማስደረግ ያለባችሁ። 30ው ቀን የሚቆጠረው ከዚያ ማኅተም ነው። ማኅተም የሌለው ደብዳቤ አልደረሰም ሊባል ይችላል። ወፍ ማደን ወይም ማጥመድ ካያችሁ ደግሞ የዱር እንስሳት ልማት፣ ጥበቃና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 541/1999 አለላችሁ። ኢትዮጵያ የአፍሪካና የዩሬዥያ ስደተኛ የውኃ ወፎች ስምምነት አባል መሆኗንም በደብዳቤው ላይ ጥቀሱ፤ እዚህ የሚጠበቀው ወፍ የብዙ አገር አደራ ነው።

በየቤታችን ያለው ድርሻ ከዚህ አያንስም። የፀረ ተባይ መርጫ ወንዝ ውስጥ አይታጠብ፣ ባዶ ጠርሙሱ አይጣል። የተቃጠለ የሞተር ዘይት ከጋራዥ ወደ ቦይ አይደፋ። መኪና ቦርከና ውስጥ አይታጠብ። የደሴ ፕላስቲክ ከአንድ ከባድ ዝናብ በኋላ ኮምቦልቻ ድልድይ ሥር ነው የሚገኘው።

ሰባት፦ የታመመ፣ የሞተ ወይም ቀለበት ያለው ወፍ ስታገኙ

ብዙ ወፍ በአንድ ጊዜ ሞቶ ካገኛችሁ አትንኩ፣ ውሻም ልጅም አይቅረበው፤ የወፍ ጉንፋን ወይም መርዝ ሊሆን ይችላል። ቦታውን ለይታችሁ በዚያው ቀን ለወረዳው የእንስሳት ጤና ባለሙያ አሳውቁ። ሥጋውን ለመብላት የሚያስብ ካለ ከልክሉ። ዶሮ ያላችሁ ደግሞ በዚያ የሄደ ጫማችሁን በሳሙና ሳታጥቡ ወደ ዶሮ ቤት አትግቡ።

አንድ ብቻውን የተጎዳ ሽመላ ከኤሌክትሪክ መስመር ሥር ካገኛችሁ ዓይኑን በጨርቅ ሸፍኑት፤ ጨለማ ያረጋጋዋል። ምንቃሩ ዓይን ያወጣልና ፊታችሁን አርቁ። በአየር ማስገቢያ በተበሳ ካርቶን አድርጋችሁ ወደ ባለሙያ ውሰዱት፤ ወተትም እንጀራም አትስጡት። የወደቀበትን ምሰሶ ቁጥር ያዙ። በአንድ መስመር ሥር ወፍ ደጋግሞ የሚወድቅ ከሆነ ሽቦው ላይ ማሳያ እንዲንጠለጠል በጽሑፍ መጠየቅ ይቻላል።

በእግሩ ላይ የብረት ወይም የፕላስቲክ ቀለበት ካለ ወፉ በሕይወት እያለ አታውልቁት። በብረቱ ቀለበት ላይ የተቀረጸውን ፊደልና ቁጥር አንድም ሳታስቀሩ ጻፉ፤ ብዙ ጊዜ ያሠረው ተቋም ወይም አገር ስምም አብሮ አለ። የፕላስቲኩን ቀለም፣ በየትኛው እግር እንደሆነ፣ ከጉልበት በላይ ይሁን በታች መዝግቡ፤ ከሁሉም ማዕዘን ፎቶ አንሡ። ያገኛችሁበትን ቀንና ቀበሌ ጨምራችሁ ለዱር ሕይወትና የተፈጥሮ ታሪክ ማኅበሩ ላኩ። የቀለበቱ ቁጥር ካሠረው አገር ሲመሳከር ወፉ የት እንደተፈለፈለና ስንት ዓመቱ እንደሆነ ሊታወቅ ይችላል፤ መልሱ ሲመጣ ወስዳችሁ ለቅሬው ስብሰባ አንብቡላቸው።